ሐውልት ይቁም ቢባል ለማን?

ከአዲስ አበባ በቡታጅራ በኩል ወደ ሆሳዕና ሲጓዙ ጥያ ላይ የሚያስወርድ ጉዳይ ባይኖርዎም፥ አንድ ቀን ጊዜ ወስደው ይውረዱ። በዚያ 36 ትክል ድንጋዮች ቆመዋል። ከእነዚህ 32ቱ ምልክት የተቀረጸባቸው ሲሆኑ፥ ከምልክቶቹ ሁሉ ቀድሞ ዐይን የሚገባው ሰይፍ ነው። ከዚያም ወደ ደቡብ ርቀው ኮንሶ ቢደርሱ፥ ዋካ የሚባለው ከእንጨት የተቀረጸ ምስል የሚቆመው ጠላት ወይም አስፈሪ አውሬ ለገደለ ጀግና መሆኑን ይሰማሉ። እንግዲህ አባቶቻችን ሰውን በድንጋይና በእንጨት ማሰብን ከፈረንጅ አልተማሩትም፤ ነገር ግን የሚያስቡት በአብዛኛው የገደለውን ነበር።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ከተቋቋመ ወዲህ ሆሳዕና በመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ተሞልታለች። እኔም ከእነዚያ ከትንንሾቹ አንዱ ነኝ። አንድ ቀን ማታ ከሥራ ስንወጣ ስድስት ሆነን ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ፥ አንዱ ባልደረባችን፦ «በአደባባዩ ሐውልት ይቁም ቢባል የማንን ታቆማላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። አንዱ የጦር ሰው ጠራ፤ ሌላው የጥንት ባላባት፤ ሦስተኛው ደግሞ ወደ መንደራቸው የመጀመሪያውን መኪና ያስገባውን ነጋዴ አለና ሳቅን። በመጨረሻ የዱራሜ ልጅ የሆነችው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፦ «እኔ የቦጋለች ገብሬን አቆማለሁ» አለች።

ጠረጴዛው ዝም አለ። ከዚያ አንዱ፦ «ስለዚያ ነገር በአደባባይ ሐውልት? ሕፃናት ይህች ሴት ምን አደረገች ብለው ቢጠይቁን ምን ልንል ነው?» አለ። ሌሎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። እኔ ሻዬን ጠጣሁ።

ስማቸውን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልንገር። ወይዘሮ ቦጋለች በከምባታ፥ ዛቶ በምትባል መንደር ተወለዱ። ልጅ ሳሉ ውኃ ልቅዳ ብለው ከቤት እየወጡ ፊደል ይማሩ ነበር። በዐሥራ ሁለት ዓመታቸው ገደማ እንደ መንደሩ ሴት ልጆች ሁሉ ተገረዙ። በኋላ በኢየሩሳሌም፥ ከዚያም በአሜሪካ ተምረው ወደ አገራቸው ተመለሱና፥ እ.ኤ.አ. በ1997 ከእኅታቸው ጋር «ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ ቶጴ» የሚባለውን የከምባታ ሴቶች ድርጅት አቋቋሙ።

እኔን የሚያስደንቀኝ የጀመሩበት መንገድ ነው። ግርዛትን አውግዘው ንግግር አላደረጉም። ሕዝቡን የሚያስፈልጋችሁ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ሕዝቡም፦ «ድልድይ» አለ፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፥ ሻጮች ወደ ገበያ የሚሻገሩበት። ድልድዩ ተሠራ። ከዚያ በኋላ ነው ሽማግሌውም፥ እናቲቱም፥ ልጃገረዲቱም፥ ወጣቱም በአንድነት ተቀምጠው ስለ ግርዛት፥ ስለ ጠለፋ፥ ስለ ወሊድ ሞት የተነጋገሩት። በ1994 ዓ.ም. ገደማ ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ ተዳረች፤ ሚዜዎቿም እንደ እርሷ ያልተገረዙ መሆናቸውን አልደበቁም። እ.ኤ.አ. በ2013 የቤልጂግ የንጉሥ ቦዱዋን ሽልማት ሲሰጣቸው፥ ሸላሚው ተቋም በአካባቢው መቶ በመቶ ይፈጸም የነበረው ግርዛት በዐሥር ዓመት ውስጥ ከመቶ 3 እጅ በታች መውረዱን ገለጸ። የአገሪቱ የወንጀል ሕግ ድርጊቱን ወንጀል ያደረገው በ1997 ዓ.ም. ስለሆነ፥ ዛቶና ዱራሜ ከሕጉ ቀድመው ነበር ማለት ነው። ወይዘሮ ቦጋለች በጥቅምት 2012 ዓ.ም. በአሜሪካ ዐረፉ።

አሁን ወደ ሐውልቱ ልመለስ። እምቢ ማለት ሐውልት እንደሚያቆም አዲስ አበባ ታውቃለች። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ለጣልያን አልገዛም ብለው የተረሸኑ አባት እንጂ ሰይፍ የያዙ ሰው አልነበሩም። ሐውልታቸው ለባቡሩ ሥራ ሲባል በ2005 ዓ.ም. ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመልሷል። በአሜሪካ ደግሞ ሮዛ ፓርክስ እ.ኤ.አ. በ1955 በሞንትጎመሪ አውቶቡስ ላይ ለነጭ ወንበሬን አልለቅም ብላ ነበርና፥ እ.ኤ.አ. በ2013 በምክር ቤቱ ሕንፃ ውስጥ የቆመላት ምስል ተቀምጣ ነው የሚያሳያት። ምን ሠራች ተብሎ መጠየቅ አያስፈልግም፤ መቀመጧ ራሱ ይናገራል። ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይሳካም። በዋሽንግተን ለማርቲን ሉተር ኪንግ እ.ኤ.አ. በ2011 በቆመው ሐውልት ጎን፥ እርሱ ከተናገረው ዐረፍተ ነገር ተቈርጦ የተጻፈው ቃል ትሑቱን ሰው ትምክሕተኛ ስላስመሰለው፥ እ.ኤ.አ. በ2013 ከድንጋዩ ተፍቆ ጠፋ።

ወይዘሮ ቦጋለችን ቆመው፥ እጃቸውን ዘርግተው ሲናገሩ ቢቀርጹአቸው ያው የፖለቲከኛ ሐውልት ይሆናል ብዬ እፈራለሁ። እኔ ብሠራ ከሽማግሌዎች መካከል ዝቅ ብለው ተቀምጠው ሲያዳምጡ አደርጋቸው ነበር።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ሁሉ በዚያች ማታ ለምን አልተናገርሁም ቢሉኝ መልሱ አሳፋሪ ነው። እኛ ቤት፥ ከሆሳዕና ብዙም በማይርቅ መንደር፥ ታላቅ እኅቴ ስትገረዝ እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ሥራዬ ውኃ ማምጣት ነበር። አመጣሁ። ጩኸቷን ከጓሮ፥ ከእንሰቱ ሥር ሆኜ ሰማሁ፤ ወዲያው ደግሞ ቅቤ የጠገበ ቆጮ ሲሰጡኝ በላሁ። ከእርሷ ጋር ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተነጋግረን አናውቅም ነበር። የዱራሜዋ ልጅ ስሙን ስትጠራ የታየኝ ያ የውኃ እንስራ ነው።

በማግሥቱ ቅዳሜ ስለነበረ ወደ እኅቴ ሄድሁ። ቡና እያፈላች ሳለ፦ «እትዬ፥ ለቦጋለች ሐውልት ይቁም ቢባል እንዴት ያለ ይሁን ትያለሽ?» አልኋት። ቀና ብላ አየችኝና ብዙ ጊዜ ዝም አለች።

«ያን ቀን ውኃውን ያመጣኸው አንተ ነህ» አለች።

«አዎ፥ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ልጅ ነበርህ።» ፍሙን በመቆስቆሻ አስተካከለች። ከዚያ፦ «ሐውልቱ ጥላ ይኑረው» አለች። «ከገበያ ሸክም ይዛ የምትመለስ ሴት አረፍ የምትልበት መቀመጫም ይኑረው። ሕፃን ከጠየቀ ደግሞ እዚያው ቁጭ ብላ ትነግረዋለች።»

የእኔን ሁለት ሴቶች ልጆች አላስገረዘችም ወይ ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል፤ የእርሷ ናቸው እንጂ እኔ ገና አላገባሁም። አላስገረዘችም። ታላቂቱ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች።

ሰኞ ሻይ ቤት ስንገናኝ የእኅቴን አሳብ ለባልደረቦቼ ነገርኋቸው፤ ውኃውንም ጭምር። ያ «ሕፃናት ቢጠይቁን» ያለው ሰው ለረጅም ጊዜ ስኒውን ሲያዞር ቆየና፥ መቀመጫው ከድንጋይ ይሁን ወይስ ከእንጨት ብሎ ጠየቀኝ።