ይቀባበሉት ወይስ ይጠልዙት?

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ረዘም ያለ መልእክት ላከልኝ። አዋሽ አርባ ስፖርት ያስተማርኩት ልጅ ነው። አሁን እዚያው አፋር ውስጥ አንድ ኮሌጅ ያስተምራል፤ ከክፍል መልስ ደግሞ የተማሪዎቹን የእግር ኳስ ቡድን ያሰለጥናል። ስሙን ትቼ፣ እሱንም አስፈቅጄ ጥያቄውን ላካፍላችሁ።

«ቲቸር፣ ቡድኔ ኳስ ከበረኛ መሥርቶ ነው የሚጫወተው። ባለፉት ሁለት ጨዋታዎች እዚያው የራሳችን ሳጥን ውስጥ ኳስ ተቀምተን ተሸነፍን። ኃላፊዎቹ ‹ይሄን ቅብብል ትተህ ወደ ፊት አስመታ፤ አለዚያ ሌላ ሰው እንፈልጋለን› ብለውኛል። በረኛዬ ደግሞ ሕዝቡ ከሰደበው ወዲህ ልምምድ መምጣት አቁሟል። ምን ላድርግ?»

መልሴ «እንዳትተወው» ነው። ግን «እንዳትተወው» ማለት ለመካሪ ቀላል ነው፤ የሚነቃነቀው ወንበር የሱ እንጂ የኔ አይደለም። ስለዚህ ምክንያቴን ልዘርዝር። እናንተም ውስጥ ፊሽካ አንገታችሁ ላይ ያንጠለጠላችሁ ብዙ ስላላችሁ ይጠቅማችሁ ይሆናል።

በመጀመሪያ የኃላፊዎቹን ወገን ልያዝ። የሚሉት እውነት አለው። ሜዳው ሣር የለውም፣ ጠጠር ነው፤ መሬት ለመሬት የላክኸው ኳስ መንገድ ላይ ይነጥርና የጓደኛህ ጉልበት ላይ ይደርሳል። ተማሪ ደግሞ ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ ይመረቃል፤ አሰልጣኙ በየዓመቱ እንደ አዲስ ይጀምራል። ከሁሉም በላይ፣ የተጠለዘ ኳስ ቢበላሽ የሚበላሸው ሰው ሜዳ ላይ ነው፤ ከበረኛ የተጀመረ ቅብብል ከተበላሸ ግን ጎል ነው። ይሄ ሁሉ ልክ ነው። ልክ ያልመሰለኝ መደምደሚያው ነው።

ልጁ ከመልእክቱ ጋር አንድ ቪዲዮ አያይዞልኛል። የአሜሪካኖቹ ፉትቦል ነው፤ ያ እንቁላል የሚመስለውን ኳስ በእጅ ይዘው የሚሯሯጡበት። እዚያም ኮሌጆች «ኦፕሽን» የሚባለውን አጨዋወት እንያዝ ወይስ እንተው እያሉ ብዙ ተከራክረውበታል። ነገሩ እንዲህ ነው። ኳርተርባክ የሚሉት ልጅ ኳሱን ይዞ ወደ አንድ ተከላካይ ይሮጣል። ያን ተከላካይ ሆን ብለው ማንም ሳያግደው ይተዉታል። ተከላካዩ ወደ ኳርተርባኩ ከመጣ ኳሷ ጎን ለጎን ለሚሮጠው ጓደኛው ትወረወራለች። ወደ ጓደኛው ካዘነበለ ደግሞ ኳርተርባኩ ራሱ ይዞ ያልፋል። ተከላካዩ የቱንም ቢመርጥ ተሸወደ። ያን ግዙፍ ሰውዬ መግፋት አላስፈለገም፤ እሱን በደንብ ማየት በቃ።

ይሄን አጨዋወት አጥብቀው ከያዙት ዋነኞቹ የአሜሪካ የጦር አካዳሚዎች ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እዚያ የሚማር ልጅ ሲመረቅ የውትድርና አገልግሎት ስለሚጠብቀው፣ ፕሮፌሽናል ለመሆን የሚያልሙት ግዙፍ ግዙፍ ልጆች ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳሉ። የባሕር ኃይሉ አካዳሚ በኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ 43 ጊዜ በተከታታይ ከተሸነፈ በኋላ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. በዚሁ አጨዋወት 46 ለ 44 አሸነፈ። ጉድለትም አለው፤ በሩጫ ቀስ እያለ ስለሚጓዝ ቀድሞ ብዙ ነጥብ ከተቆጠረበት መድረስ ይከብደዋል። ቢሆንም ጉልበት ያነሰው ቡድን ጉልበት የማይጠይቅ ጨዋታ መረጠ ማለት ነው።

አሁን ወደ እኛ ኳስ እንምጣ። ያቺ ኦፕሽን የሚሏት ነገር እኛ ሰፈር «ሁለት ለአንድ» የምንላት ናት። ኳስ ይዘህ ወደ ተከላካዩ ትሄዳለህ፤ ከመጣብህ ለጓደኛህ ትሰጣለህ፤ ካልመጣ ትቀጥላለህ። ከበረኛ መሥርቶ መጫወትም ከዚህ የተለየ ጥበብ የለውም። የተቃራኒ በረኛ ጎሉን ትቶ ሊጫንህ አይመጣም። ስለዚህ ያንተ በረኛ በቅብብሉ ከገባ ሜዳው ላይ 11 ለ 10 ነህ፤ ሁልጊዜ አንድ ነፃ ሰው አለህ። በረኛው ኳሷን በጠለዛት ቁጥር ያን ትርፍ ሰው በገዛ እጅህ ጣልከው ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ አየር ላይ ማን ይረዝማል፣ ማን ይገፋል ነው ጥያቄው። በቁመትና በክብደት ካነስክ ደግሞ መልሱን ታውቀዋለህ።

ይሄ ክርክር በአገራችን አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ የሆናችሁ ደማችሁ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ቡና በ2003 ዓ.ም. በውበቱ አባተ አሰልጣኝነት የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ በቅብብሉ ነበር የሚታወቀው። በኋላም ካሳዬ አራጌ ኳስን ከበረኛ ጀምሮ መጫወትን ይዞ መጣ፤ ግማሹ ሕዝብ አጨበጨበ፣ ግማሹ ልቡን ይዞ ተመለከተ። በ2013 ዓ.ም. ቡድኑ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ አቡበከር ናስርም 29 ጎል አግብቶ የሊጉን ሪከርድ ሰበረ። ዋንጫው ግን የፋሲል ከነማ ነበር። ይሄንንም ልደብቃችሁ አልፈልግም፤ ቅብብል ብቻውን ዋንጫ አያመጣም።

ብሔራዊ ቡድናችንን ደግሞ አስታውሱ። በ2014 ዓ.ም. ጥር ላይ በካሜሩን አዘጋጇ አገር 4 ለ 1 ስታሸንፈን «የእኛ ልጆች ሰውነት የላቸውም፣ ቅብብሉ ዋጋ የለውም» ያላለ አልነበረም። በዚያው ዓመት ሰኔ 2 ቀን፣ ሊሎንግዌ ላይ፣ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን፤ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። አሰልጣኙ ያው ውበቱ ነው። በአምስት ወር ውስጥ የማንም ቁመት አልጨመረም። ስንሸነፍ ሰውነታችንን፣ ስናሸንፍ ዕድላችንን ማንሳት ልማድ ሆኖብን ነው እንጂ፣ በአንድ ሽንፈት አንድ አጨዋወት አይፈረድበትም።

ደግሞ የአፋርን ምድር አንርሳ። አዋሽ አርባ የተጫወታችሁ ምስክሬ ናችሁ። የተጠለዘ ኳስ የት ነው የሚያርፈው? ፕሮሶፒሱ ውስጥ! እሾኹ ኳሷን ከወጋ ልምምዱ አለቀ፤ ሌላ ኳስ የለም። ሙቀቱንም ጨምሩበት። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ እንኳ መሬቱ ከታች ይጠብሳል። በዚህ ሙቀት 90 ደቂቃ ሙሉ ረጅም ኳስ ተከትሎ የሚሮጥ አጥቂ አታገኝም፤ 90 ደቂቃ ሙሉ እየሮጠ የሚጫንህ ተቃራኒም እንዲሁ። ኳሷን ካስሮጥካት ግን እሷ አይደክማት፣ ውሃ አይጠማት። ሰመራ ድረስ ሄዶ የተጫወተ ቡድን ይሄን በደንብ ያውቀዋል።

ስለዚህ ለልጄ እንዲህ አልኩት።

አንደኛ፣ ኦፕሽን ማለት ምርጫ ነው፤ መጠለዝም አንዱ ምርጫ ነው። በረኛህ ላይ ሁለት ሰው ከመጣና ነፃውን ሰው ካላየ፣ ያለ ሐፍረት ይጠልዘው። ቅብብልን ሃይማኖት አታድርገው። የከለከልከው ነገር ሳያዩ መጠለዝን ይሁን።

ሁለተኛ፣ ጥቂት ነገር ብዙ ጊዜ አሠራ። ተማሪ ነው፤ ፈተና አለበት፣ ጊዜ የለውም። ሁለት ለአንድ፣ ሦስት ለሁለት፣ ከበረኛ አጀማመር፤ በቃ። ከልምምድ በፊት አሥር ደቂቃ ሁሉም ጠጠር ይልቀም። የትኛውም ሜዳ ሻል ያለ ጎን አለው፤ ኳሱን በዚያ በኩል ጀምር።

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል። ኃላፊዎቹ ፊት ቁምና «በቅብብል የገባ ጎል የኔ ነው፤ የልጁ አይደለም» በል። አንተ አሠልጥነኸው፣ አንተ አዘኸው፣ ያዘዝከውን ሲያደርግ ተሳሳተ። ዳር ሆኖ «ጠልዘው!» እያለ የሚጮኸውን ሕዝብ ዝም ማሰኘት አትችልም። ልጁ ወደ አንተ ሲዞር ፊትህ ላይ የሚያነበውን ግን አንተ ትወስናለህ። ዛሬውኑ ቤቱ ሂድ። ስልክ አይበቃም። ቁጭ ብላችሁ ሻይ ጠጡና፣ የቅዳሜው ጨዋታ ከሱ እግር እንደሚጀመር ንገረው።

ይሄን ያህል የምሟገተው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ክለብ ቢሆን ነጥብ ደመወዝ ነው፣ ይገባኛል። ይሄ ግን ኮሌጅ ነው። ከነዚያ ልጆች ውስጥ ኳስ እንጀራው የሚሆነው አንድ ቢገኝ ነው። ሌሎቹ ነርስ ይሆናሉ፣ መምህር ይሆናሉ፣ የጅቡቲ መንገድ ላይ መኪና ይነዳሉ። ሁሉም አንድ ቀን ሰው እየጮኸባቸው፣ ጊዜ ሳይኖራቸው፣ አይተው መወሰን ይኖርባቸዋል። ኳሷን ወደ ፊት ጠልዞ መገላገል ከኃላፊነት መሸሽንም ያስተምራል። ቀና ብሎ አይቶ መምረጥን የሚያስተምር ጨዋታ በእጃችን እያለ፣ በሁለት ሽንፈት እንጣለው?

ኃላፊዎቹም ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይመስለኝም፤ ማሸነፍ ይፈልጋሉ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ጊዜ እንዲሰጡት ጠይቅ ብዬዋለሁ። እምቢ ካሉም ቢያንስ ለምን እንደተሸነፈ የሚያውቅ አሰልጣኝ ሆኖ ይወጣል።

አሰልጣኞች፣ የቀድሞ በረኞች፣ በተለይ ጠጠር ሜዳ ላይ ያደጋችሁ፣ እስቲ ሐሳባችሁን ከታች ጻፉለት። እያነበበ ነው።