«ፊትሽ ሞላ» አትበሏት

እኛ ፎገራዎች ታማ የከረመች ልጅ ስትመለስ ቀድመን የምናየው ፊቷን ነው። ፊቷ ሞላ ካለ «ተመስገን፣ ወፈረች፣ ተሻላት» እንላለን። የደም ካንሰር ይዟት ወራት ሆስፒታል ከርማ የመጣች ልጅ ግን ያ ጉንጭ የእሷ እንዳልሆነ ታውቃለች። ያሳበጠው ከኬሞው ጋር የምትውጠው ፕሬድኒሶሎን የሚባል መድኃኒት ነው። ሌሊት በረሃብ የሚያስነሳትም፣ በትንሽ በትልቁ የሚያስቆጣትም እሱ ነው። ሰው በቅን ልቡ «አማረብሽ» ሲላት እሷ መስታወት ትሸሻለች።

የፀጉሩ ነገር ደግሞ ይብሳል። ወንድ ከሆነ ቶሎ አይታወቅም፤ በእኛ ገጠር የተላጨ ልጅ ብርቅ አይደለም፣ ቅንድቡ ሲረግፍ ነው ሰው የሚነቃው። የ11 ዓመት ሴት ልጅ ግን ሌላ ናት። በአገሩ ሴት ፀጉሯን የምትላጨው ለሐዘን ነው። ኬሞ ከጀመረች ከሳምንታት በኋላ ትራሷ ላይ በእፍኝ የረገፈ ፀጉር ስታገኝ፣ አስቀድሞ የነገራት ሰው ከሌለ፣ የምትሞት ይመስላታል። እናት ሻሽ ታስርላትና ዝም ትላለች። ባጃጅ ውስጥ አንዱ «ምነው፣ ማን ሞተባችሁ?» ይላል። ለእንቁጣጣሽ እኩዮቿ ሹሩባ ተሠርተው አበባየሆሽ ሲሉ እሷ ጓዳ ትቀመጣለች።

ልጅ እንዳይደነግጥ ብለን እንደብቃለን። ግን ጠያቂ ሁሉ ከንፈሩን ሲመጥ እያየ ምን ይሰወርበታል? ያልነገርነውን ራሱ ይሞላዋል፤ የሚሞላው ደግሞ ከእውነቱ የከፋ ነው። «በደሌ ይሆን?» የሚል ልጅ አለ።

ሕክምናው ሩቅ ነው። ከከተማችን ከወረታ ጎንደር 120 ኪሎ ሜትር ግድም፣ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከ500 በላይ። አዲስ አበባ ላይ ወላጆች ያቋቋሙት ተስፋ አዲስ የሚባል ድርጅት ከክፍለ ሀገር የመጡትን ልጆች ከነአስታማሚያቸው ያስጠልላል። ቤት ሙሉ ልጅ ፀጉሩ በረገፈበት ራስን መሸፈን ብዙም አያስጨንቅም። የሚከብደው ተመልሰው ወረታ መናኸሪያ ሲወርዱ ነው።

በሀብታም አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ፤ በደሃ አገሮች ከ30 በመቶ በታች። አንዱ ምክንያት ሕክምናውን መሐል ላይ ማቋረጥ ነው። ይህን የሚያመጣው የገንዘብ እጦት ብቻ አይመስለኝም። የልጅቱን መላጣ አይቶ «ከዚህ በላይ አታሠቃዩዋት፣ ጠበል ይሻላታል» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ጠበሉም ይሁን፣ ግን ከመድኃኒቱ ጋር።

ወረታና አካባቢዋ የምታስተምሩ፣ ልጁ ክፍል ሳይገባ ተማሪዎቹን አነጋግሯቸው። በሽታው አይተላለፍም፤ ፀጉሩ ሕክምናው ሲያልቅ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ወራት ይበቅላል በሏቸው። «በራው» የሚል ቅጽል በመጀመሪያው ቀን ካልቆመ ዓመቱን ሙሉ ይከተለዋል። ወላጆች፣ ፀጉሩ ሳይረግፍ፣ ፊቱ ሳያብጥ ቀድማችሁ ንገሩት። ጎረቤት ሆይ፣ መልኩን ተውለትና ስለ ሩዙ፣ ስለ ጥጃው፣ ስለ ኳሱ አጫውቱት።