የአይሁድ ልብ

ድሬዳዋ መጥቶ ታይዋንን ሳይረግጥ የሚመለስ እንግዳ አላጋጠመኝም፡፡ ደሴቷን አይደለም የምላችሁ፤ ልብሱም ጫማውም ኤሌክትሮኒክሱም የሚቸበቸብባትን የድሬን ገበያ ነው፡፡ በቀደም አንድ ወዳጄ እዚያ የጆሮ ማዳመጫ ሲገዛ ዋጋ ላይ አልበገር አለ፡፡ ባለሱቁ ቢቸግረው፣ «አቦ፣ ይሄ ልጅ የአይሁድ ልብ ነው እንዴ ያለው?» ብሎ ሳቀና ቀነሰለት፡፡ ወዳጄ ጎንደር ነው ያደገው፡፡ ስንወጣ፣ «እኛ አገር ይሄ ነገር ቀልድ አልነበረም» አለኝ፡፡

እውነቱን ነው፡፡ ቤተ እስራኤሎች በጎንደርና በዙሪያው አብዛኞቹ ርስት ተነፍገው በቅጥቀጣ፣ በሽመናና በሸክላ ሥራ ኖረዋል፡፡ ገበሬው ማረሻውን የሚያሠራው እነሱ ዘንድ ነው፤ ልጁ ሲታመምበት «ቡዳ በላብኝ» ብሎ ጣቱን የሚቀስረውም በእነሱው ላይ ነው፡፡ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተብሎም ተወርቶባቸዋል፡፡ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ የሚበልጡት በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ውስጥ በአውሮፕላን ተጭነው እስራኤል ገቡ፡፡ ቡዳ የሚለው ቃል ግን አልተሳፈረም፡፡

ሕግስ የለም ወይ? አለ እንጂ! የ2012ቱ የጥላቻ ንግግር አዋጅ፣ ቁጥር 1185፣ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በፆታ ወይም በአካል ጉዳተኝነት ላይ ተመሥርቶ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳን ሰው እስከ 2 ዓመት እስር ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ይቀጣል፡፡ በንግግሩ ሳቢያ ጥቃት ከደረሰ እስሩ እስከ 5 ዓመት ይሄዳል፡፡

ታዲያ ባለሱቁን ልክሰሰው? ኧረ በስማም! አይሁዳዊ በዓይኑ አይቶ የሚያውቅም አይመስለኝ፡፡ ቃሉ ወደ ገበያ የወረደው ከስቅለት ስብከት ይመስለኛል፡፡ አዋጁ በቅን ልቦና የሚሰጥ የሃይማኖት ትምህርትን አይነካም፤ ደግ አደረገ፡፡ ፖሊስ ዓውደ ምሕረት ላይ ወጥቶ ሰባኪ የሚያስቆምበት አገር አልመኝም፡፡ ግን ሰባኪያችን የተሰቀለውም፣ እናቱም፣ ጴጥሮስም አይሁድ እንደነበሩ በዚያችው ዕለት ቢያነሳ ምን ይጎድልበታል?

እኔን የሚያሳስበኝ ድምፅ የሌለው ጥላቻ ነው፡፡ እስራኤል ዘረኝነትን መቀስቀስ ወንጀል ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፡፡ ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1996 መጀመሪያ፣ ኢትዮጵያውያን የለገሱት ደም እዚያው እስራኤል ውስጥ በምስጢር ሲደፋ መኖሩ ተጋለጠ፡፡ ኤች አይ ቪ ተፈርቶ ነው ተባለ፡፡ ወገኖቻችን በሺዎች ሆነው ኢየሩሳሌም ላይ ተቃውሞ ወጡ፡፡ ደሙን ለመድፋት ግን አንድም የስድብ ቃል አላስፈለገም፡፡ ቡዳም እንደዚሁ ነው፤ ሹክ ይባልና ጋብቻ ይፈርሳል፣ ማዕድ ይለያል፡፡ የትኛው ዓቃቤ ሕግ ነው ሹክሹክታን የሚከስ?

ለኔ መስመሩ ግልጽ ነው፡፡ አንዱ ተነስቶ «የበላችው እሷ ናት!» ብሎ መንደር ሲያስነሳ ፖሊስ ይድረስ፡፡ እዚህ ላይ ግን አዋጁ ራሱ ክፍተት አለበት፡፡ የዘረዘራቸውን መልሳችሁ እዩ፤ ሥራ የሚል የለም፡፡ ዛሬ ጎንደር አጠገብ ወለቃ ሸክላ የምትሸጠው ክርስቲያን ሴት ቡዳ ብትባል፣ በብሔሯ ነው ወይስ በሃይማኖቷ ተሰደብኩ ብላ የምትከሰው?