ለዓሣው ማን ሰባት ቤት ይቈጥርለታል?

በዚህ በበልግ ሰሞን፣ ከዲላ ወደ ወናጎ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ በቡናና በእንሰት መካከል በተቈፈረች አንዲት የዓሣ ኩሬ ዳር ተቀምጬ፣ ባለቤቱ ሽማግሌ በመረብ ያወጡልኝን ቆሮሶ እርጥብ ጆንያ ላይ አጋድሜ የጀርባውን እሾህ አንድ በአንድ ብቈጥር፣ ቍጥሩ ዘጠኝ ላይ ቆመብኝ። የጤናማ ቆሮሶ የጀርባ ክንፍ ከራሱ ኋላ ተነሥቶ እስከ ጅራቱ ሥር የሚዘረጋ፣ ከ15 እስከ 18 የሚደርሱ እሾሆችም የሚደግፉት ሲሆን፣ የዚህኛው ግን ፊተኛው ክፍል ጨርሶ ስላልበቀለ፣ ጀርባው ኮርቻ እንደለመደ በቅሎ ጐድጐድ ብሎ ይታያል።

«ጋሼ፣ እንዲህ ያለው ስንት ይሆናል?» ብላቸው፣ «መረቡን ሳብና አንተው ቍጠረው፣ ልጄ» አሉኝ። ሳብን፤ ከወጡት አርባ ያህል ዓሦች ስድስቱ እንደዚያው ነበሩ። እኔም አንገቴን ደፋሁ፤ የኩሬውን የመጀመሪያ ጫጩቶች ያመጣሁላቸው እኔው ነበርኩና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በቤቴ አኳሪየም ውስጥ ከሀዋሳ የመጡ አንድ ወንድና ሁለት ሴት ቆሮሶዎች አኖር ነበር። ሊቃውንቱ ሲክሊድ ብለው በሚጠሩት ሰፊ ቤተ ዘመድ ውስጥ፣ በየአገሩ ሳሎን የሚታዩት ባለ ቀለም የማላዊና የታንጋኒካ ሐይቅ ዓሦችና የእኛው ቆሮሶ የሥጋ ዘመዶች እንደ መሆናቸው መጠን፣ የእናትነቱ ምሥጢር በብዙዎቹ ላይ አንድ ነው፤ ይኸውም እናቲቱ ዕንቍላሏን በአፏ ሰብስባ፣ ጫጩቶቹ ተፈልፍለው ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ምግብ እምብዛም ሳትቀምስ እንደ ባሕታዊ ጾማ ታሳድጋቸዋለች። ይህን አይቼ ተመሰጥኩ፤ ከአንዲቱ እናት አፍ ከወጡት ስልሳውን በባልዲ ይዤ ለሽማግሌው አደረስኩ። ከመካከላቸው ሁለቱ ክንፋቸው የጐደለ መሆኑን አይቼ ነበር፤ ነገር ግን «ወንድሞቻቸው ነክሰዋቸው ይሆናል» ብዬ አለፍኩ።

የተነከሰና ሲፈጠር የጐደለ ክንፍ ግን፣ ዐይኑን ለገለጠ ሰው፣ አይመሳሰልም። የተነከሰው ጠርዙ የተበጣጠሰ ነው፤ ሥሩ ካልተነካ በንጹሕ ውኃ ውስጥ በጥቂት ሳምንታት መልሶ ይበቅላል። ውኃው ቈሽሾ በበሽታ የተበላውም ጠርዙ ይነጣል፤ ውኃው ሲታደስ ያገግማል። አከርካሪው የተጣመመ ዓሣ ሲገኝ ደግሞ፣ ወላጆቹን ከመውቀስ በፊት የመኖውን ከረጢት ማየት ይገባል፤ ሲ የተባለው ቪታሚን በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ከቈየ መኖ ውስጥ ስለሚጠፋ፣ ጉድለቱ አጥንት ያጣምማልና። በተፈጥሮው የጐደለው ግን ጠርዙ ለስላሳ፣ በቆዳ የተሸፈነ፣ ከዓመት ዓመት የማይለወጥ ነው፤ ይልቁንም በወንድሞቹና በእኅቶቹ ላይ ያው ጉድለት በዚያው ስፍራ ሲደገም፣ ምስክሩ ከሁለት ከሦስት በላይ ሆነ ማለት ነው።

የአሜሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናት፣ በቆሮሶ የቅርብ ዘመድ በሰማያዊው ቲላፒያ ላይ ይህን የመሰለ የኮርቻ መልክ ያለውን ጉድለት መርምረው፣ ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስ ጀርባን የሚያጐድል፣ ከሁለቱም ቢወረስ ግን ጽንሱን የሚገድል የዘር ባሕርይ መሆኑን ገልጸዋል። ሌሎች ጉድለቶች ደግሞ አሉ፤ በጤነኛ ወላጆች ሥጋ ውስጥ ተሰውረው ኖረው፣ ከእናትም ከአባትም ሲገናኙ ብቻ የሚገለጡ። እነዚህን ከተሰወሩበት የሚያወጣቸው የዘመድ ከዘመድ ጋር መገናኘት ነው።

ይህንን ለሽማግሌው ባስረዳቸው፣ ያመጡብኝ ክርክር ቀላል አልነበረም። «እኛ ጌዴኦዎች ዘር መምረጥ ከማንም አንማርም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ያከበረው ይህንኑ እንሰቱን ከቡናው፣ ቡናውን ከጥላው ዛፍ ጋር አስማምቶ የሚያኖረውን ጥበብ ነው። «ጥሩዋን እንሰት መርጬ ሥሯን ቈርጬ ብቀብር፣ አንዲት እናት ማሳ ሙሉ ችግኝ ትሰጠኛለች፤ ልጅ ሁሉ እናቱን ይመስላል። ቡናውም እንደዚሁ ከአንድ ጥሩ ዛፍ ፍሬ ይለቀማል። ታዲያ ለዓሣው ሲሆን አንዲት እናት ስለ ምን አትበቃም?»

ለጥቂት ጊዜ ዝም አልኩ፤ ስሕተታቸው ከዕውቀት ጉድለት ሳይሆን ከዕውቀት ብዛት የመጣ ነበርና። እንሰት ከሥሯ ስትባዛ፣ ችግኙ የእናቱ ቅርንጫፍ እንጂ ከሁለት የተወለደ ልጅ አይደለም። የእኛ ቡናም አብዛኛውን ጊዜ በገዛ አበባው ዱቄት የሚያፈራ ስለሆነ፣ ከአንድ እናት ዛፍ ዘሩ ሳይበላሽ ይወርዳል፤ እ.ኤ.አ. በ1971 የቡናን ፍሬ የሚያበሰብሰው በሽታ በአገራችን በታየ ጊዜ፣ ተመራማሪዎች በሽታውን የቻሉ እናት ዛፎችን ፈልገው ያገኟቸው 74110ና 74112 የተባሉት ዝርያዎች፣ ስማቸው ራሱ የተመረጡበትን እ.ኤ.አ. የ1974ን ዓመት እንደያዘ፣ እስከ ዛሬ በገበሬ ማሳ ላይ አሉ። ዓሣ ግን በእንሰት ሕግ አይተዳደርም። «ጋሼ፣ ዓሣው የሚተዳደረው በጓሮዎ ሕግ ሳይሆን በጋብቻዎ ሕግ ነው» አልኳቸው።

ይህን ጊዜ ቀና አሉ። «እኛ ዘንድ ልጅ ከገዛ ጎሳው አያገባም» አሉ፤ እኔም ባደግሁበት አገር ካህናትና ሽማግሎች ሙሽሮችን ሰባት ቤት ሳያስቈጥሩ እንደማያጋቡ ነገርኳቸው። በሐይቅ ውስጥ ያለ ዓሣ ይህን ቈጣሪ አይሻም፤ የውኃው ስፋትና የመንጋው ብዛት ይቈጥሩለታል፤ ጐዶሎውንም አሞራውና አምባዛው ገና በጫጩትነቱ ይለዩታል። እኛ ግን ከባሕሩ ለይተን በመስተዋትና በጭቃ አጥር ውስጥ ስንዘጋው፣ የሽማግሌውንም የአሞራውንም ሥራ በራሳችን ላይ እንወስዳለን። ከወንድምና ከእኅት የሚወለድ ጫጩት ከአንድ አያት የወረደውን ያንኑ የዘር ባሕርይ በሁለት ወገን የማግኘት ዕድሉ ከመቶ 25 ነው። አንድ ወንድና ሦስት ሴት ብቻ የሚያዋልድ ሰው በየትውልዱ ከመቶ 17 ያህል ዝምድና ሲጨምር፣ ዝምድና የሌላቸው 25 ወንድና 25 ሴት የሚያዋልድ ግን ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ይጨምራል። የእኔ ባልዲ ከአንዲት እናት ስልሳ ጫጩት የያዘ ነበር፤ ብዛቱ አታለለኝ።

ሁለተኛው ስሕተት የኩሬው ነበር። በዐቢይ ጾም የዓሣ ዋጋ ሲወደድ፣ ፈጥኖ ያደገውና ወፍራሙ እየተለቀመ ወደ ገበያ ይሄዳል፤ ቀጫጫው «ገና ነው» እየተባለ ይቀራል፤ የቀረውም ይወልዳል። በኦሪቱ ሥርዐት ለመሥዋዕት የሚቀርበው በግ ነውር የሌለበት ይሆን ዘንድ ታዝዟል፤ እኛ ነውር የሌለበትን ለመጥበሻ ሰጥተን፣ ነውር ያለበትን ለዘር አስቀረን። ሽማግሌው ሣቅ ብለው፣ «ኦሪት ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብሉ ይላል፤ ግማሽ ክንፍ ያለውንስ?» አሉኝ። ለመጥበሻ ይሁን፣ ለዘር አይሁን አልኳቸው።

ይህ ፍርድ ለኩሬ እንጂ ለሰው አለመሆኑን ደግሞ ሳልናገር አላልፍም፤ ሰው ለዘር የሚመረጥ ከብት አይደለምና፣ ከአካሉ አንዱ የጐደለበት ወንድማችን በማንም ሚዛን አይቀመጥም። ከዓሣ ላይ ጉድለትን ለጌጥ ማሳደድም ሌላው ጥፋት ነው። ብለድ ፓሮት የሚሉት ከሲክሊዶች ተዳቅሎ የተገኘ ዓሣ፣ አፉ በወጉ እንኳ ሳይዘጋለት፣ መልኩ ስለሚያስደስት ብቻ በብዙ አገር ይሸጣል። ከዓሣው ሥቃይ ላይ ውበት መልቀም ከእኔ ቸልታ የከፋ ይመስለኛል።

በመጨረሻ የተስማማነው ይህን ነው፤ በበጋ ኩሬው ይደርቃል፤ ያሉት ዓሦች ይበላሉ፤ አዲሶቹ ወላጆች ከአንድ ባልዲ ሳይሆን ከልዩ ልዩ ስፍራና ከልዩ ልዩ እናቶች ይመጣሉ፤ ከየትኛው እንደመጡም ይጻፋል። እኔም የአኳሪየሜን ልጆች ለማንም አልሰጥም። ልሰናበታቸው ስነሣ፣ ሽማግሌው የልጅ ልጃቸውን ጠርተው አንድ አዲስ ደብተር አስመጡና በእጄ አኖሩት፤ «እኔ የሰውን ጋብቻ እዳኛለሁ፤ የእነዚህ ሽማግሌ አንተ ነህ፤ ቍጠር እንግዲህ» አሉኝ።