በገና ሠሪው ግቢ ውስጥ

ደብረ ብርሃን፣ የቅበላ ሳምንት

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዤ የመጣሁት በገና ሲሠራ ለማየትና ድምፁን ለመቅዳት ነው። ሳምንቱን የመረጡልኝ ሠሪው ራሳቸው ናቸው። «ጾም ከገባ በኋላ ብትመጣ ጅማት ሲዘጋጅ አታይም፣ ልጄ» አሉኝ በስልክ። ጅማት የሚባለው የበገና ክር የሚከረረው ከበግ አንጀት ነው፤ በገና ከምንጊዜውም በላይ የሚደረደረው ደግሞ በዐቢይ ጾም፣ በግ በማይታረድበት ወቅት ነው። ስለዚህ የጾሙ ድምፅ የሚሰናዳው በፍስኩ ሳምንት ነው።

ጠዋት፣ ጅማትና ቆዳ

አንጀቱ ታጥቦ፣ ስቡ በቢላዋ ጀርባ ተፍቆ፣ ውሃ ውስጥ ተቀምጧል። ሠሪው፣ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው፣ ከልጃቸው ጋር ጫፍና ጫፉን ይዘው ያከሩታል፤ ከዚያም በሁለት ችንካሮች መሐል ወጥረው ያደርቁታል። ውፍረቱ እንደ ክሩ ቦታ ይለያያል። ለአንድ በገና 10 ክር ያስፈልጋል፤ ቁጥሩን አማኞች ከዐሠርቱ ትእዛዛት ጋር ያያይዙታል። በእርጥብ የበሬ ቆዳ የተለበጠው ገበቴ፣ የበገናው የድምፅ ሣጥን፣ ጥላ ሥር ቆሟል። «ፀሐይ ካየ ቆዳው ተኮማትሮ እንጨቱን ያጣምመዋል» ይላሉ ጋሼ።

ከሰዓት፣ እንዚራ

ክሮቹ ከላይኛው አግዳሚ እንጨት፣ ከቀንበሩ፣ ወርደው በገበቴው ላይ ባለው መደገፊያ፣ በርኩማው ላይ ሲያርፉ፣ በእያንዳንዱ ክርና በበርኩማው መካከል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች፤ እንዚራ የምትባለው እሷ ናት። ጋሼ መጀመሪያ ያለ እንዚራ መቱልኝ፤ ድምፁ ደረቅና አጭር ነው። ከዚያ ቆዳዋን አስገቡና ጆሯቸውን ወደ ገበቴው አስጠግተው፣ በጥፍራቸው ትንሽ ገፋ፣ ትንሽ ሳብ ያደርጓት ጀመር። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ክሩ ቆዳዋን እየነካካ መንዘር ያዘ። ደረት ውስጥ የሚገባው የበገና ድምፅ መጣ። ይህንኑ ለ10ሩም ክሮች በየተራ አደረጉ፤ ልኩን የሚነግራቸው ጆሯቸው ብቻ ነው።

ማታ፣ ቀረጻ

ለማነጻጸር በስልክም በመቅረጸ ድምፅም ቀዳሁ። ጋሼ የስልኩን ሰምተው «እንዚራው የት ሄደ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። የስልኩ መቅጃ ለንግግር የተሰናዳ በመሆኑ ንዝረቱን እንደ ጫጫታ ቆጥሮ አፍኖታል፤ ክሩ እየደከመ ሲሄድ ደግሞ ድምፁን በራሱ ከፍ እያደረገ፣ የበገናን ቀስ ብሎ መክሰም አጥፍቶታል። በመቅረጸ ድምፁ ላይ ግን ይህን ራስ ሰር ማስተካከያ ዘጋሁት። በገበቴው ትይዩ፣ ክንድ በሚያህል ርቀት፣ የጠረጴዛው ንዝረት እንዳይገባበት በታጠፈ ጋቢ ላይ አስቀመጥኩት። ጋሼ እንደገና አዳምጠው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ለእኔ ከመሣሪያው መለኪያ ይልቅ የሚታመነው ይህ ፍርድ ነው።

በገናን ከአገር ውጭ ካሰሙ ቀረጻዎች አንዱ፣ ተመራማሪዋ ሲንቲያ ኪምበርሊን እ.ኤ.አ. በ1972 ለዩኔስኮ ክምችት የቀዱት የበገና ደርዳሪው የአለሙ አጋ ድርደራ ነው። በደርግ ዘመን ለመንፈሳዊ ዜማ የሬዲዮው በር ሲዘጋ፣ እንዲህ ያለ ቅጂ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ታይቷል። ሆኖም ቅጂ ድምፁን ያቆያል እንጂ ሙያውን አያቆይም። ጅማቱ እንዴት እንደተከረረ፣ እንዚራው እንዴት እንደተስማማ አብሮ ካልተመዘገበ፣ የነገ ወጣት በገናውን ሰምቶ ይወደዋል፤ መልሶ ሊሠራው ግን አይችልም።

ስለዚህ ከድርደራው በፊት ጋሼን አናገርኳቸው። ስማቸውን፣ የእንጨቱን ዓይነት፣ ሙያውን ከማን እንደተማሩ በራሳቸው አንደበት ተናገሩ፤ እንዚራውን ሲያስማሙ የተሰማውም ሳይቆረጥ ገብቷል። በእጅ የተሠራ መሣሪያ የሚቀዳ ሁሉ እንዲህ ቢያደርግ፣ ቅጂው ለአድማጭም ለሠሪም ይጠቅማል።