ትንሽ ጠጋ በል

እማማ ከአርባ ምንጭ ወደ ሲያትል የመጡት ባለፈው ሐምሌ ነው። እማማ የምላቸው እናቴን የወለዱትን አያቴን ነው። ባለቤታቸውን ከቀበሩ ገና ዓመት አልሞላቸውም ነበር። "እዚህ አገር ምን ማየት ይፈልጋሉ?" ብዬ ስጠይቃቸው ብዙም አላሰቡ። "ዮናስን የዋጠውን" አሉኝ።

የዮናስን ታሪክ በልጅነቴ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ከደመወዜ ቆጥቤ ዓሣ ነባሪ ለማየት የሚወስድ ጀልባ ትኬት ቆረጥኩ። "ስልኩን የሚሞላ ፎቶ አነሳልዎታለሁ" ብዬም ቃል ገባሁ።

ከአናኮርተስ ወደብ ተነስተን በሳን ህዋን ደሴቶች መካከል ስንጓዝ አንድ ሰው ጮኸ። ከሩቅ ጥቁር ክንፍ ከውኃው ወጥቶ ተመልሶ ገባ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ኦርካዎች ነበሩ። እኔ ስልኬን አውጥቼ ወደ ፊት ስሮጥ ካፒቴኑ ግን ፍጥነቱን ቀነሰ።

አስጎብኚዋ ምክንያቱን ነገረችን። እነዚህ የደቡብ ነዋሪዎች የሚባሉት ኦርካዎች ናቸው። ቁጥራቸው ከ80 በታች ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ብዙዎቹ ግልገሎች በመረብ እየተያዙ ለትርኢት ተወስደዋል። እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ የዋሽንግተን ግዛት ሕግ ጀልባዎች ከእነዚህ ኦርካዎች 1,000 ያርድ፣ ማለትም 900 ሜትር ያህል፣ እንዲርቁ ያዛል።

በስልኬ ላይ የሚታየው ነጥብ ብቻ ነው። ወደ ካፒቴኑ ሄጄ፣ "እባክህ ትንሽ ጠጋ በል፤ አያቴ ከኢትዮጵያ ድረስ መጥተው ነው" አልኩት። ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። "ለአንተ ፎቶ ነው፤ ለእነሱ ግን ምሳቸው ነው" አለኝ።

ኦርካዎቹ የሚያድኑት በድምፅ ነው። ድምፅ ይለቃሉ፤ ድምፁ ሳልመን ዓሣ ላይ ነጥሮ ሲመለስ ዓሣው የት እንዳለ ያውቃሉ። የሞተር ጩኸት ይህን ይሸፍንባቸዋል። ጀልባ ሲቀርባቸው በተለይ ሴቶቹ ማደን እንደሚተዉ ተመራማሪዎች አይተዋል።

አኩርፌ ከእማማ አጠገብ ተቀመጥኩና የተባለውን ተረጎምኩላቸው። እሳቸው የጫሞን ሐይቅ አስታወሱ። "እኛ አገርም ባለ ጀልባዎቹ ጉማሬ ሲያዩ ይርቃሉ። እነሱ ግን የሚርቁት ለራሳቸው ፈርተው ነው። እነዚህ የሚርቁት ለእንስሳው ነው?" አሉ። አዎ አልኳቸው።

ከዚያ አስጎብኚዋ ታሌኳ ስለምትባል እናት ኦርካ ተናገረች። እ.ኤ.አ. በ2018 የወለደችው ግልገል ወዲያው ሞተባት። እናቲቱ ግን አልጣለችውም። ሬሳውን በግንባሯ እየገፋች፣ ሲሰምጥ እየተከተለች ታወጣው ነበር። 17 ቀን ሙሉ ይዛው ዋኘች።

ይህን ስተረጉም እማማ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ብዙ ቆይተው፣ "ሐዘንተኛ እንዲህ ነው የሚጠየቀው፤ ራቅ ብሎ፣ ዝም ብሎ" አሉ። ቀጥለውም ወደ ውኃው እያዩ፣ "ያን ቀን ስልኩ ፊቴ ላይ ነበር" አሉኝ።

ስለ የትኛው ቀን እንደሚናገሩ ወዲያው ገባኝ። አያቴ ሲቀበሩ መሄድ አልቻልኩም ነበር። የአክስቴ ልጅ በቪዲዮ ደውሎ ሲያሳየኝ፣ "ትንሽ ጠጋ በል፤ የእማማ ፊት አይታየኝም" አልኩት። ጠጋ አለ። እማማ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። እኔ ያን ጊዜ ሐዘናቸውን የተካፈልኩ መስሎኝ ነበር።

"ናፍቆህ ነው ብዬ ዝም አልኩ" አሉኝ። "ግን ልጄ፣ እንደ ልቤ አላለቀስኩም።"

የምመልሰው ጠፋኝ። "ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ" ብቻ አልኩ። እጄን ያዙኝ። ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። ክንፎቹ እስኪርቁ ድረስ አንድም ቃል ሳንነጋገር አብረን አየናቸው።

ከዚያ ቀን በኋላ በወጣቶች ኅብረታችን የታመመ ወይም ያዘነ ሰው ልንጠይቅ ስንሄድ የካፒቴኑ መልስ ትዝ ይለኛል። በፍቅር መቅረብ ጥሩ ነው። ግን የምቀርበው ለእነሱ ነው ወይስ ለራሴ? የእኔ ድምፅ፣ የእኔ ፎቶ፣ የእኔ ጥያቄ የሚፈልጉትን ነገር ይሸፍንባቸው ይሆን? አንዳንድ ጊዜ ጸሎታችን እንኳ አጭርና ዝግ ያለ መሆን አለበት።

ኦርካ ማየት ለምትፈልጉም አንድ ምክር አለኝ። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ምን ያህል እንደሚርቁ ጠይቁ፤ "በጣም እናስጠጋችኋለን" የሚሏችሁን ተዉ። በሳን ህዋን ደሴት ያለው የላይም ኪልን ፓርክም አለ፤ እዚያ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣችሁ ያለ ምንም ሞተር መጠበቅ ትችላላችሁ።

ጠጋ በል ከማለቴ በፊት ያነሳሁት አንድ ፎቶ ነበር። ሰማያዊ ውኃ ላይ ሦስት ጥቁር ነጥብ ይታያል። እማማ አሳጥበው ወደ አርባ ምንጭ ወሰዱት። በቤተ ክርስቲያን ላሉ ጓደኞቻቸው ሲያሳዩ፣ "የታለ ዓሣው?" ይሏቸዋል አሉ።

"ምሳውን እየበላ ነበር" ብለው ይመልሳሉ። "አልረበሽነውም።"