ልጅቷ ሠራተኛ ነበረች

ባርኒን ታስታውሱታላችሁ? እየዘፈነ ልጆችን የሚያቅፈውን ሐምራዊ ዳይኖሰር። ፕሮግራሙ የሚቀረጸው አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ዳላስ አካባቢ ነበር። ለዚህ ፕሮግራም ልጆች ሲመለመሉ፣ ሰልፍ ላይ የነበረች አንዲት ልጅ ጃኬቷን መሬት ላይ አንጥፋ የማታውቃትን ልጅ አብረን ቀለም እንቀባ ብላ ጋበዘቻት። ጋባዧ በኋላ ዘፋኝና ተዋናይ የሆነችው ዴሚ ሎቫቶ፣ ተጋባዧ ደግሞ እንደ እሷ የታወቀችው ሰሊና ጎሜዝ ነበሩ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1992 በአንድ ወር ልዩነት የተወለዱ ናቸው። ሁለቱም ተመርጠው ገቡ።

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ዴሚ ነው። ከባርኒ በኋላ የመጣው ፍጥነት ያስደነግጣል። ሰኔ 2008 «ካምፕ ሮክ» የተባለው ፊልም በዲዝኒ ቻናል ሲተላለፍ በመጀመሪያው ምሽት ብቻ 8.9 ሚሊዮን ሰው አየው። መሪ ተዋናይቷ ዴሚ ገና 15 ዓመቷ ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም የመጀመሪያ አልበሟ ወጣ። በ2009 መጀመሪያ የራሷ ተከታታይ ኮሜዲ ጀመረ፤ በሰኔ ደግሞ ከሰሊና ጋር የሠራችው ፊልም ተከተለ።

ይህን ዕድል ብቻ ብለን ልንጠራው አንችልም። የታሰበበት አሠራር ነበር። ቻናሉም፣ አልበሟን ያሳተመው ሆሊውድ ሬከርድስም የዲዝኒ ንብረት ናቸው። ተከታታዩ ፊልሙን ያስተዋውቃል፣ ፊልሙ ዘፈኑን ይሸጣል፣ ዘፈኑ የኮንሰርት ትኬት ያስቆርጣል። መሃል ላይ ያለችው ልጅ ታምማ አንድ ቀን ብትተኛ ስንት ሥራ እንደሚቆም አስቡት። ደመወዛቸው በእሷ ላይ የተንጠለጠለ አዋቂዎች በከበቧት ጊዜ «በቃሽ፣ እረፊ» የሚላት ማን ነው?

በ2010 መጨረሻ ከጆናስ ብራዘርስ የሙዚቃ ቡድን ጋር የነበረችበትን የኮንሰርት ጉዞ አቋርጣ ሕክምና ገባች። 18 ዓመቷ ነበር። ወደ ተከታታዩም አልተመለሰችም። በ2018 ከመጠን ያለፈ ዕፅ ወስዳ ከሞት አፋፍ ተመልሳለች።

እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ በ2024 ከሌላ ባለሙያ ጋር ያዘጋጀችው «ቻይልድ ስታር» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም ነው። እንደ እሷ በልጅነታቸው የታወቁ ሰዎችን ታነጋግራለች። እሷም ሆነች ካነጋገረቻቸው አንዷ የሆነችው ተዋናይት ራቨን ሲሞኔ ካሜራ ፊት ካሳለፉት ከእነዚያ ዓመታት ብዙውን እንደማያስታውሱት ይናገራሉ። በዓለም ዙሪያ ያሉ ልጆች ትዕይንት በትዕይንት የሸመደዱትን፣ የሠሩት ልጆች አያስታውሱትም! ይህን ከሰማሁ በኋላ እነዚያን ፕሮግራሞች እንደ ድሮው ማየት አልቻልኩም።

ልጆች እየሠሩ አዋቂዎች መጠቀማቸው አዲስ ነገር አይደለም። በ1921 ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር «ዘ ኪድ» ላይ የሠራው ጃኪ ኩጋን በልጅነቱ ሚሊዮኖች አስገብቶ ነበር። ካደገ በኋላ ግን ገንዘቡ ተበልቶ አገኘው። እናቱንና የእንጀራ አባቱን ከሶ የደረሰው 126 ሺህ ዶላር ገደማ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ካሊፎርኒያ በ1939 በስሙ የሚጠራውን ሕግ አወጣች። ዛሬ ሕጉ ልጅ ከሚያገኘው ገቢ 15 በመቶው እስከ 18 ዓመቱ በማይነካ ሒሳብ እንዲቀመጥ ያዝዛል። መስከረም 2024 ደግሞ ይህ ጥበቃ በዩቲዩብና በመሳሰሉት ገንዘብ ለሚያስገቡ ልጆችም እንዲደርስ የሚያደርጉ ሕጎች ተፈረሙ። አገረ ገዢው ሲፈርም ዴሚ ሎቫቶ በቦታው ነበረች።

ሎስ አንጀለስ የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ ይህ ሕግ እናንተንም ይመለከታል። አዲስ አበባም ሆነ ዱባይ ሆናችሁ የልጃችሁን ጭፈራና ቀልድ በቲክቶክ የምትለቁ ወላጆችም ሕግ እስኪያስገድዳችሁ አትጠብቁ። ቪዲዮው ገንዘብ ካመጣ ልጁ ሠርቷል ማለት ነው። በስሙ የባንክ ሒሳብ ክፈቱለት፣ ድርሻውን አስቀምጡለት። «ዛሬ አልፈልግም» ያለ ቀን ደግሞ ስልኩን አስቀምጡና ተዉት፣ ይጫወት።